60 ሰዓቱን ለቋንቋ መምህሩ መልሱለት

ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ለክልሎችና ለከተማ አስተዳደሮች ትምህርት ቢሮዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራንን በሥራቸው ላይ ስለመደገፍ



መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ የተቀየረ ነገር ይጠብቀናል። አንድ ዓመት መጽሐፉ፣ ሌላ ዓመት የምዘናው መንገድ፣ ከዚያ የክፍል እርከኑ፣ ከዚያ ደግሞ ብሔራዊ ፈተናው የሚሰጥበት ቦታ። ከለውጦቹ ብዙዎቹ የግድ ነበሩ፤ አንዳንዶቹማ እኛው መምህራን ስንወተውት የኖርንባቸው ናቸው። በዚህ ሁሉ መሀል ሳይነካ የቆየ አንድ ነገር ግን አለ። እንግሊዝኛ እንዲያስተምር የተመደበው መምህር ራሱ ቋንቋውን የሚናገርበት፣ የሚያነብበትና የሚያሻሽልበት ጊዜ አልተሰጠውም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ጊዜ ነው።

በአንደኛ ደረጃም በሁለተኛ ደረጃም የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አስተምሬአለሁ። የምጽፈው ክፍል ውስጥ ካየሁትና ከባልደረቦቼ ጋር በዕረፍት ሰዓት ስናወራው ከከረምነው ተነስቼ ነው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ አገር ደነገጠ። ከተፈተኑት 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ውጤቱ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ፈተናውን ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ማዛወራችሁ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ኩረጃው ሸፍኖት የኖረውን እውነት ገልጦታልና። ውጤቱ ከወጣ በኋላ በየመድረኩ በተደረገው ውይይት ግን ስለ ተማሪው ስንፍና፣ ስለ ወላጅ ክትትል ማነስ፣ ስለ መምህሩ ብቃት ብዙ ሲባል አንድ ጉዳይ በጎን አለፈ። የፊዚክሱም፣ የባዮሎጂውም፣ የታሪኩም፣ የጂኦግራፊውም ጥያቄ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄው ያልገባው ልጅ ትምህርቱን ቢያውቀውም ባያውቀውም በመልስ ወረቀቱ ላይ የሚያጠቁረው ክብ አንድ ነው። ስለዚህ እነዚያ ቁጥሮች የስድስትና የሰባት ትምህርቶች ውጤት ብቻ ሆነው አይታዩኝም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተጠራቀመ የአንድ ቋንቋ ዕዳ አለባቸው።

ዕዳው እንዴት እንደተጠራቀመ ለመረዳት ትንሽ ወደኋላ መሄድ ይጠቅማል። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሥራ ሲጀምር ዋነኛ ተግባሩ የውጭ ቋንቋ ማስተማር ነበር፤ መምህራኑም ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም በዋናነት በፈረንሳይኛ ነበር የሚያስተምረው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1933 ዓ.ም. አገር ነፃ ስትወጣ፣ እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ቦታ ያዘ። በ1955 ዓ.ም. የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ሲመጡ በየአውራጃው ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ገቡ፤ ሕንዳውያን መምህራንም ነበሩ። ያ ትውልድ እንግሊዝኛን ያገኘው ከሰው ነው። መምህሩ ክፍል ውስጥም፣ ግቢ ውስጥም፣ ኳስ ሜዳ ላይም ቋንቋውን ይናገራል፤ ተማሪው ሳይወድ በግዱ ይሰማል፣ ይመልሳል።

የውጭ መምህራኑ ከአብዮቱ በኋላ ባሉት ዓመታት አብዛኞቹ ሄዱ። ቦታቸውን የያዙት እነሱ ያስተማሯቸው ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹም ግሩም መምህራን ሆነዋል። ቀጥሎ ግን ትምህርት በአገሪቱ ተስፋፋ። በ1980ዎቹ አጋማሽ አንደኛ ደረጃ ላይ የነበረው ተማሪ ከ3 ሚሊዮን ብዙ የሚርቅ አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በሁሉም የትምህርት ደረጃ ቤቱ የቀረው ተማሪ ከ26 ሚሊዮን በላይ ነበር። ይህ ትልቅ ድል ነው፤ ማንም ሊያንኳስሰው አይገባም። እኔም ከዚያ መስፋፋት በፊት የትምህርት ዕድል ሊደርሳቸው ከማይችል ቤተሰቦች ከተወለዱት አንዱ ነኝ። መስፋፋቱ የጠየቀው የመምህር ብዛት ግን ቋንቋውን ከሰው የሚያገኝ ትውልድ እንዳይኖር አደረገ። ከመምህር ወደ ተማሪ፣ ከዚያ ተማሪ ወደ ሌላ ተማሪ እየተላለፈ በየእርምጃው የሚነገረው እንግሊዝኛ እየሳሳ መጣ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአፍ መፍቻ ቋንቋን የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ አደረገ፤ እንግሊዝኛን ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት፣ በሁለተኛ ደረጃ እንደ ማስተማሪያ ቋንቋ አስቀመጠ። የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት ትክክል ነው። በ1999 ዓ.ም. ካትሊን ህዩ፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን ዓለሙ ለሚኒስቴሩ ያቀረቡት ጥናትም እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በአጠቃላይ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ አንብቦ "እንግዲያው ሁሉንም ከሕፃንነቱ ጀምሮ በእንግሊዝኛ እናስተምር" የሚል ካለ ከእኔ ጋር አይደለም። እኔ የምለው፣ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል የምናስተምር ከሆነ የሚያስተምረውን ሰው እናዘጋጅ፣ ካዘጋጀነውም በኋላ አንተወው ነው።

አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ድምፅ የሚሰማው ከማን ነው? የከተማ ልጅ ከሆነ ምናልባት ከቴሌቪዥን ወይም ከወላጆቹ ስልክ ይሰማል። የገጠሩ ልጅ ግን ከአንድ ሰው በቀር የሚሰማው የለም፤ ከመምህሩ። ያ መምህር ደግሞ እንዴት መጣ? ለብዙ ዓመታት ወደ መምህራን ኮሌጅ ይላክ የነበረው በአብዛኛው የ10ኛ ክፍል ውጤቱ ለመሰናዶ ያላበቃው ተማሪ ነበር። ኮሌጅ ገብቶ ተመርቆ ሲወጣ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል በ"ሰልፍ ኮንቴይንድ" ይመደባል፤ ማለትም አንድ መምህር አንድ ክፍል ይዞ ሁሉንም ትምህርት ያስተምራል። ሒሳቡንም፣ አካባቢ ሳይንሱንም፣ ሥነ ጥበቡንም፣ እንግሊዝኛውንም። ለሌላው ትምህርት የሚያስፈልገው ቋንቋ አፉን የፈታበት ነውና ይወጣዋል። እንግሊዝኛ ሲደርስ ግን ራሱ በደንብ ያልተማረውን ነገር ማስተማር ይጠበቅበታል።

ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ "ዚስ ኢዝ ኤ ፔን" ይላል፤ ሰባው ልጅ በአንድ ድምፅ ይመልሳል። ነገም እንዲሁ። ልጆቹ ዓረፍተ ነገሩን እንደ መዝሙር ይይዙታል፤ "ፔን"ን አውጥቶ ሌላ ቃል መተካት የሚችል ግን ጥቂት ነው። አንዲት በሦስተኛ ክፍል ለረጅም ጊዜ ያስተማረች ባልደረባዬ "እኔ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ እንጂ እንግሊዝኛ ተናግሬ አላውቅም" ብላኛለች። ይህን ስትናገር እያማረረች አልነበረም፣ እያፈረችም አልነበረም። ሥራዋን በደንብ የምትይዝ፣ ልጆቹ የሚወዷት፣ ፊደል ያስቆጠረቻቸውን ልጆች ስም ከዓመታት በኋላ የማትረሳ መምህርት ናት። ያለችው እውነት ነው፤ በኮሌጅ ቆይታዋም ሆነ ከዚያ በኋላ ቋንቋውን እንድትናገር የጠየቃት፣ ስትሳሳትም ያረማት ሰው አልነበረም።

ሁለተኛ ደረጃ ላይ መልኩ ይለያል እንጂ ችግሩ ያው ነው። መጽሐፉ አራቱንም ክህሎቶች፣ ማዳመጥን፣ መናገርን፣ ማንበብንና መጻፍን፣ እናስተምር ዘንድ ይዞልናል። የማዳመጥ ትምህርት ሲደርስ ካሴትም፣ ድምፅ ማጉያም፣ ብዙ ቦታ መብራትም ስለሌለ መምህሩ ጽሑፉን ከመምህሩ መምሪያ ያነበዋል፤ ወይም ይዘለዋል። የመናገር ትምህርት ሰባና ከዚያ በላይ ተማሪ በታጨቀበት ሴክሽን፣ ለአራትና ለአምስት በተጣበቡበት ዴስክ፣ በ40 ደቂቃ ውስጥ ለአንድ ልጅ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርስም። የመጻፍ ትምህርትን በቁጥር ላስረዳችሁ። አምስት ሴክሽን የያዘ መምህር በየሴክሽኑ 70 ተማሪ ቢኖረውና አንድ አንቀጽ ቢያጽፋቸው 350 ወረቀት ይሰበስባል። ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ 17 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። አንዱን አንቀጽ ለማረም ነው ይህ ሁሉ። ስለዚህ የሚቀረው ግራመር ነው። ግራመር በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ በትግርኛም ሊብራራ ይችላል፤ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ደብተር ላይ ይገለበጣል፣ በምርጫ ጥያቄ ይፈተናል። መምህሩ ወደ ግራመር የሚሸሸው ሰንፎ አይደለም። ያለበት ሁኔታ ሁሉ ወደዚያው ይገፋዋል፤ ብሔራዊ ፈተናውም ጭምር፣ በምርጫ ጥያቄ ብቻ የሚሰጥ እንደመሆኑ ያልተናገረና ያልጻፈ ተማሪ የማይቀጣበት ፈተና ነውና።

መንግሥት ይህን ችግር አላየውም አልልም። በተለያየ ጊዜ ገንዘብም ጉልበትም አውጥቶበታል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ፕሮግራም ተጀምሮ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩና በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ መምህራን በገጽ ለገጽና በርቀት ሠለጠኑ። በኋላም በዩኒቨርሲቲዎችና በመምህራን ኮሌጆች የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ማዕከላት ተቋቋሙ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ መምህራን በክረምት ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲሠለጥኑ አድርጋችኋል። ከእነዚህ ሥልጠናዎች የተመለሰ መምህር መስከረም ላይ ያስታውቃል፤ ድፍረት አለው፣ አዲስ ዘዴ ይሞክራል። ጥር ላይ ግን ወደነበረበት ይመለሳል። ከመስከረም እስከ ጥር ቋንቋውን የሚያናግረው ሰው ስለሌለ ነው። ያልተነገረ ቋንቋ ጦሙን እንዳደረ መሬት ዳዋ ይለብሳል፤ የክረምቱ ሥልጠና ዳዋውን መንጥሮ ይሄዳል፤ በጋውን የሚያርሰው ግን የለም።

ፕላዝማውን ሳላነሳ ባልፍ ይህ ደብዳቤ የተሟላ አይሆንም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሳተላይት የሚተላለፍና በፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚታይ ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ገባ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ የሠለጠነ መምህርና ቤተ ሙከራ በሌለበት ቦታ ሁሉ ተመሳሳይ ጥራት ያለው ትምህርት ለማድረስ ነበር የታቀደው። የተቀረጸው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነበር፤ የሚናገረው ሰው እንግሊዝኛውን በራሱ ዘዬና በራሱ ፍጥነት ይናገራል፤ ጥያቄ ጠይቆ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቅና ተማሪው መለሰም አልመለሰም ይቀጥላል። ተማሪው እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም። መምህሩ ደግሞ በራሱ ክፍል ውስጥ ዳር ቆሞ ወደ ቴሌቪዥኑ ይመለከታል፤ ስርጭቱ ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ያመለጠውን ለማብራራት ይሞክራል። በዚያ ዘመን ወጣት የነበሩ ብዙ መምህራን በሙያቸው ላይ የነበራቸውን እምነት ያጡት ያኔ ነው። መሣሪያው በየቦታው ሲበላሽ ማንም ብዙ አላዘነም፤ መምህሩ ክፍሉን መልሶ አገኘ። በእነዚያ ዓመታት ሊያሻሽለው ይችል የነበረውን ቋንቋ ግን መልሶ አላገኘም።

ከዚህ ልምድ አንድ ነገር ግልጽ ሆኖልኛል። ቋንቋ ሌላ ቦታ ተዘጋጅቶ ክፍል ውስጥ የሚራገፍ ነገር አይደለም። መምህሩን አልፎ ወደ ተማሪው የሚሄድ መንገድ የለውም። አሁን ስለ ታብሌትና ስለ ስማርት ክፍል ብዙ ሲነገር እሰማለሁ፤ ብሔራዊ ፈተናውንም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከፊሉን በኮምፒውተር መስጠት ጀምራችኋል። ቴክኖሎጂው ይምጣ፤ እኛም እንፈልገዋለን። ግን እባካችሁ በመምህሩ እጅ አስገቡት እንጂ በላዩ ላይ አታሳልፉት።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። አዲስ በጀት አልጠይቅም፤ አዲስ ፕሮጀክትም አልጠይቅም። የምጠይቀው ነገር በራሳችሁ ሰነድ ውስጥ አለ።

የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፋችሁ እያንዳንዱ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ሙያውን እንዲያሻሽል ያዛል። እኛ "ተሙማ" ወይም "ሲፒዲ" እንለዋለን። በወረቀት ላይ ይህ ከሚያኮሩን ደንቦች አንዱ ነው። 60 ሰዓቱ በትምህርት ሳምንታቱ ላይ ቢከፋፈል በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወጣዋል። በተግባር ግን ተሙማ ምን እንደሆነ ትምህርት ቤት የሠራ ሁሉ ያውቃል። መምህሩ የችግር መለያ ቅጽ ይሞላል፤ ዕቅድ ይጽፋል፤ ሞጁል ተነበበ ይባላል፤ ፖርትፎሊዮ ይደራጃል፤ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ፋይሉ ይታያል፤ ለደረጃ ዕድገት ሲቀርብም ነጥብ ይያዝበታል። ጎበዝ መምህርና ደካማ መምህር የሚለዩት ፋይላቸው በተደራጀበት መንገድ ይሆናል። የእንግሊዝኛ መምህር የሆነ ሰው ዓመቱን ሙሉ ተሙማ ሠርቶ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ሳያነብ፣ አንድ ደቂቃ እንግሊዝኛ ሳይናገር ሊጨርስ ይችላል፤ ያውም ቅጹ የተሞላው በአማርኛ ነው።

እንግሊዝኛ ለሚያስተምሩ መምህራን ከ60ው ሰዓት ቢያንስ ሠላሳው ለቋንቋው ለራሱ ይዋል። ይህ ማለት የአንድ ትምህርት ቤት ወይም በአንድ ጉድኝት ማዕከል የተሰባሰቡ ትምህርት ቤቶች መምህራን በሳምንት አንድ ጊዜ ተገናኝተው በእንግሊዝኛ ይነጋገሩ፣ አጭር ጽሑፍ አብረው ያንብቡ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የሚያስተምሩትን ምዕራፍ አንዱ ለሌላው ያስተምር፣ እርስ በርስ ይተራረሙ ማለት ነው። ሰዓቱ በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ውስጥ ይቆጠር፤ ከፈረቃ በኋላ በደከመ አካል የሚሠራ ትርፍ ሥራ አይሁን። ሱፐርቫይዘር አይገኝበት፤ ከተገኘም ተማሪ ሆኖ ይገኝ። ፋይል አይጠየቅበት። መምህር በሚሳሳትበት ቦታ ላይ ነጥብ የሚይዝ ሰው ካለ አፉን አይከፍትም፤ ይህን ከተማሪዎቻችን እናውቀዋለን።

ይህ የሚሠራ መሆኑን አይቻለሁ። በአንድ ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ኃላፊያችን በራሳቸው ተነሳሽነት በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ያሰባስቡን ነበር። መጀመሪያ ላይ ዝምታው ያስጨንቅ ነበር፤ እያንዳንዳችን የምንናገረውን ቀድመን በልባችን ስናስተካክል ሰዓቱ ያልቃል። እሳቸው ትዕግሥተኛ ሰው ነበሩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሳቅ መጣ፣ ክርክር መጣ። በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት አብዛኞቻችን የክፍሉን መመሪያ፣ ተግሣጹንም ሆነ ምስጋናውን፣ በእንግሊዝኛ መስጠት ጀምረን ነበር፤ ተማሪዎቹም "ቲቸር" ብለው ፈቃድ ሲጠይቁ ቀጥሎ የሚመጣውን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ መሞከር ጀመሩ። ቀጥሎ ኃላፊያችን ተዛወሩ፣ ትምህርት ቤቱ ወደ ሁለት ፈረቃ ገባ፣ ያ ሰዓትም ጠፋ። በአንድ ሰው ፈቃድ የቆመ ነገር በአንድ ዝውውር ይፈርሳል። ለዚህ ነው መመሪያ ይሁን የምለው።

ለአንደኛ ደረጃ፣ በተለይ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል፣ ከዚህ የበለጠ ያስፈልጋል። በየትምህርት ቤቱ ቢያንስ አንድ መምህር ወይም መምህርት እንግሊዝኛን ብቻ ይዞ በየክፍሉ እየገባ እንዲያስተምር ይደረግ። አራት ክፍል የሚይዙ አራት መምህራን አራቱም እንግሊዝኛን እየፈሩ ከሚያስተምሩ፣ የተሻለ ዝንባሌ ያለው አንዱ ለአራቱም ያስተምር፤ ሌሎቹ በምትኩ የእሱን ሒሳብ ወይም ሌላ ትምህርት ይውሰዱ። ይህ አንድም ተጨማሪ መምህር አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የርዕሰ መምህሩ ድልድልና የወረዳው ፈቃድ ነው። ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማንበብ ካልቻለ እንግሊዝኛ እንደማይገባውም አንርሳ፤ በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው የንባብ ምዘና ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ በራሳቸው ቋንቋ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። የሁለቱ ቋንቋዎች መምህራን ጠላትም ተፎካካሪም አይደሉም፤ አንዱ ያልሠራውን ሌላው አይሠራውም።

የዩኒቨርሲቲዎቹና የኮሌጆቹ የእንግሊዝኛ ማሻሻያ ማዕከላት ደግሞ በራቸውን ይክፈቱልን። ብዙዎቹ መጽሐፍ አላቸው፣ አዳራሽ አላቸው፣ አንዳንዶቹ ኢንተርኔትም አላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ በአካባቢያቸው ላሉ መምህራን ቢከፈቱ የትራንስፖርት ገንዘብ እንኳ ሳይጠይቅ በእግሩ የሚመጣ መምህር አለ።

ስለ 9ኛ ክፍል ለብቻው ልናገር። እስከ 8ኛ ክፍል በቋንቋው ሲማር የኖረ ልጅ በአንድ ክረምት ውስጥ ፊዚክሱን፣ ኬሚስትሪውን፣ ታሪኩን በእንግሊዝኛ ያገኘዋል። በዚያ ክፍል ውስጥ የሚገባ መምህር ሁሉ፣ የኬሚስትሪም ይሁን የታሪክ፣ የቋንቋ መምህር ሆኗል፤ ማንም ግን እንዲህ ብሎ አልነገረውም፣ አላሠለጠነውምም። መምህሩ በአማርኛ ወይም በሌላ የአካባቢው ቋንቋ ካብራራ መመሪያ ጣሰ ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ብቻ ካስተማረ ተማሪው ዝም ይላል። በመስከረምና በጥቅምት የ9ኛ ክፍል የመጀመሪያ ሳምንታት ለመሸጋገሪያ ይሰጡ። በየትምህርቱ የሚደጋገሙት ቃላት፣ የጥያቄ አጠያየቁ፣ ሠንጠረዥና ስዕል ማንበቡ፣ ማስታወሻ አያያዙ በሁለቱም ቋንቋ ይሠራበት። መምህሩ የተማሪውን ቋንቋ ለማስረዳት ሲጠቀምበት በጥፋት አይቆጠርበት።

በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር እኔ ባለሁበት ትምህርት ቤት መጽሐፉ የደረሰን በስልክ፣ በሶፍት ኮፒ ነበር። የመምህሩ መምሪያ ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ ነው የመጣው። ተማሪው ስልክ የለውም፤ ካለውም ቻርጅ የሚያደርግበት የለውም። እኛም ሌሊት ከስልክ ላይ እያነበብን፣ ጠዋት ጽሑፉን ሰሌዳው ላይ እየገለበጥን ወራት አሳለፍን። የአንድ ንባብ ፓሴጅ ሰሌዳ ላይ ተገልብጦ፣ ተማሪው ወደ ደብተሩ ገልብጦ ሲጨርስ ክፍለ ጊዜው አልቋል። ከአሁን ወዲያ መጽሐፍ ሲቀየር የመምህሩ መምሪያ ከተማሪው መጽሐፍ ቢያንስ አንድ ወሰነ ትምህርት ቀድሞ በመምህሩ እጅ ይግባ፤ አዲሱን መጽሐፍ ሳይረዳ ቆሞ እንዲያስተምር የሚገደድ መምህር አይኑር።

በመጨረሻ ስለ ተጎዱት። ትግራይ ውስጥ ትምህርት ቤቶች በኮቪድና በጦርነቱ ምክንያት ሦስት ዓመት ገደማ ተዘግተው ነበር። በአማራ ክልል በግጭቱ ሳቢያ ሚሊዮኖች ከክፍል ውጪ ሆነዋል፤ በሌሎች አካባቢዎችም እንዲሁ። ልጆቹ ሲመለሱ ሒሳብ ከገበያ፣ አማርኛ ወይም ትግርኛ ከቤት ትንሽ ትንሽ ይዘው ይመለሳሉ። እንግሊዝኛው ግን ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል፤ ከትምህርት ቤት ሌላ መኖሪያ አልነበረውምና። አብሯቸው የተፈናቀለው፣ ወራት ያለ ደመወዝ የቆየው፣ ቤተ መጻሕፍቱ የተቃጠለበት መምህርም ያው ነው። ለእነዚህ ትምህርት ቤቶች ምዕራፍ በጊዜው የመሸፈን ግዴታ (ፖርሽን) ይቅርባቸው። መምህሩ የአምስተኛ ክፍሉን ልጅ ወደ ሁለተኛ ክፍል ምዕራፍ ወስዶ ሲያስተምረው "ምዕራፍ አልሸፈንክም" ብሎ የሚጽፍበት ተቆጣጣሪ አይኑር። ይህን የመወሰን ሥልጣን ልጆቹን ፊት ለፊት ለሚያያቸው ለመምህሩ ስጡት።

ስለ ደመወዝ ብዙ አልጽፍም፤ ሌሎች ጽፈዋል፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። ለወር አስቤዛ የማይበቃው መምህር ከፈረቃው በኋላ ሌላ ሥራ ይሄዳል፤ ያኔ ስለ ቋንቋ ማሻሻያ የምለው ሁሉ ሰሚ ያጣል። ሁለቱ አብረው ይሂዱ።

የሚቀጥለው ዓመት የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ መመሪያ ለክልሎች ከመላኩ በፊት አንድ አንቀጽ ጨምሩበት፦ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ መምህራን ከ60ው ሰዓት ሠላሳውን በትምህርት ቤታቸውና በጉድኝት ማዕከላቸው ቋንቋውን በመናገር፣ በማንበብና በመጻፍ ያሳልፉ፣ ሰዓቱም በክፍለ ጊዜ ድልድላቸው ይቆጠርላቸው። የክልል ትምህርት ቢሮዎችም ይህን ከፌዴራል እስኪመጣ ሳትጠብቁ በየክልላችሁ ልትጀምሩት ትችላላችሁ። ርዕሰ መምህራንም እንዲሁ፤ በድልድሉ ወቅት አንድ ከሰዓት በኋላ ለቋንቋ መምህራኖቻችሁ ነፃ አድርጉላቸው። መምህራን ባልደረቦቼም ሰዓቱ ሲሰጠን እንገኝበት፤ እስኪሰጠንም ድረስ በየመምህራን ክፍላችን ሁለትም ሦስትም ሆነን እንጀምረው።



አንድ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር